ዓሦቹ የሚያውቋት ሴት

የኛማልን ሞት የሰማሁት ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር፣ በምሠራበት ሱቅ ውስጥ የሳሙና ካርቶን እየከፈትኩ ሳለ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ሸጉጬ «ሃሎ» አልኩ። እትዬ ዘነበች ነበሩ፣ የድሮ አሠሪያችን። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ፣

«ሰናይት፣ ተቀምጠሻል?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ እትዬ።»

«እስቲ ቁጭ በይ።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኛማል አረፈች።»

«የቷ ኛማል?» አልኩ። ጁባ ውስጥ ኛማል የሚባሉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እኔ የማውቀው ግን አንዷን ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። እሑድ ዕለት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አግኝቻት ነበር እኮ! ከአንዲት ቲማቲም ሻጭ ጋር በዓረብኛ ስትጨቃጨቅ፣ በመሃሉ ወደ እኔ ዞራ «ይቺ ሴትዮ ዕድሜ ልኳን ቲማቲም አይታ አታውቅም» ብላ በአማርኛ ስትስቅ ነው ትቻት የሄድኩት። ራሴን አመመኝ እንኳ አላለችም። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው አሉኝ። ሰኞ ትኩሳት፣ ማክሰኞ መቀባጠር፣ ከዚያ በኋላ ዝም። ሐኪም ቤት ያደረሷት ራሷን ከሳተች ወዲያ ነበር።

እዚያው ካርቶኑ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ጁባ የገባሁት ሱዳን ውስጥ ሰላም ወረደ ተብሎ ሐበሻው ሁሉ ወደዚያ በጎረፈበት ሰሞን ነው። እትዬ ዘነበች ከነጭ ዓባይ ዳር፣ ማንጎ ዛፎች ሥር ምግብ ቤት ከፍተው ነበር፤ አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ። ቤቱ የታወቀው በዓሣው ነው። ጓሮ ውስጥ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። አጥማጆቹ በበርሜል ውኃ ውስጥ ያመጧቸው ዓሦች ከነሕይወታቸው እዚያ ይለቀቃሉ። ደንበኛው ገንዳው ዳር ቆሞ «ያቺን» ይላል። ይዛ፣ ገድላ፣ ጠብሳ የምታቀርብለት ኛማል ናት።

በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ረጅም ሴት ነበረች። ኑዌር ናት፤ ያደገችው ግን ኢታንግ መጠለያ ጣቢያ፣ ከዚያ ጋምቤላ፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ሰው ቤት እየሠራች ነው። በስልክ ብቻ የሚያናግራት ሰው የመርካቶ ልጅ ናት ብሎ ይምላል። «አዲስ አበባ ሱዳን ይሉኝ ነበር፤ አገሬ ስገባ ደግሞ ሐበሻ አሉኝ። ለኔ የሚሆን ስም የጠፋው በየት በኩል ነው?» ትልና በሳቅ ትፈርሳለች። ሳቋ ወንዙን ተሻግሮ የሚሰማ ነበር። በዕድሜ ከእሷ ጥቂት ብበልጥም ያለሷ ጁባን የምለምድ አልመሰለኝም። የመጀመሪያውን ዓመት ስንቴ ሻንጣዬን አሰናድቼ፣ ስንቴ በእሷ ቀልድ እንደፈታሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገሯ ግን ከጅምሩ ይከብደኝ ነበር፤ ዓሣ ስትገድል። ሌላው ሰው አንዴ ጭንቅላቱን መትቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እሷ ከሞተም በኋላ ትመታዋለች። ጥርሷን ነክሳ፣ ሳቁ ሁሉ ከፊቷ ጠፍቶ።

«ኧረ ሞተ እኮ!» እላታለሁ።

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«ዓሣ ማለት የሚዋኝ ድንጋይ ነው ሰኒ። ለድንጋይ አይታዘንም።»

ሁዳዴ ሲገባ ቤቱ በሐበሻ ይሞላል፤ ዓሣ የሚፈቅዱትም የማይፈቅዱትም ይመጣሉ፣ ከምግቡ ይልቅ ክርክሩ ያጠግባል። አንዱ «ዓሣ ሥጋ ነው፣ ነፍስ አለው፣ ይጾማል» ይላል። ሌላው «ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በልቶታል» ይላል። «ከትንሣኤው በኋላ መሆኑን ራስህ ተናገርክ፤ ፋሲካን ጠብቅ» ይሉታል። የሁልጊዜ ተከራካሪ አቶ ታደሰ የሚባሉ ባለ ጋራዥ ነበሩ። ዓሣ ከሚወዱት ሁሉ እሳቸው ይብሳሉ።

«ሲገደል የማይጮኽ ነገር አያመውም» ይሉ ነበር። «በግ ሲታረድ ያለቅሳል፣ ዶሮ ትጮኻለች። ዓሣ ምን ይላል? ምንም! አያስብ፣ አያዝን፣ አይፈራ።»

ኛማል ከወጥ ቤት ብቅ ትልና «እግዜር ይስጥዎ! ልክ የኔን ነው የተናገሩት!» ትላቸዋለች።

በዚያው ጾም አንድ ቀን፣ አቶ ታደሰ ሻያቸውን ይዘው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ይጥላሉ። ዓሦቹ እግራቸው ሥር ተሰብስበዋል። አምባዛው ጢሙን እያወዛወዘ፣ ቆሮሶዎቹ እየተገፋፉ። ድንገት ውኃው ተናወጠና ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ፤ በዚያኛው ጥግ ተደራርበው ተቆለሉ። ቀና ስንል ኛማል ከወጥ ቤት ወጥታ ወደኛ እየመጣች ነው።

«መረቡን አይተው ነው» አሉ አቶ ታደሰ እየሳቁ።

ኛማል ባዶ እጆቿን ዘርግታ አሳየቻቸው። «የታለ መረብ?»

ነገሩ ጨዋታ ሆነ። መረቡን ለኔ ሰጠችኝና ወደ ገንዳው ላከችኝ። መረቡን ይዤ ቆምኩ፤ አንድም የሸሸ የለም። ይባስ ብለው ወደኔ መጡ፣ ዳቦ የያዝኩ መስሏቸው አፋቸውን ከፈት ከደን እያደረጉ። ኛማል ሳቀች። ቀይ ሻሿን አውልቃ የኔን ነጠላ ተከናነበች፣ ሽርጤን አሰረች፣ በማንጎው በኩል ዞራ ቀስ ብላ መጣች። ገና ጥላዋ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ገንዳው ፈላ። ተመልሰው ጥጋቸው ገቡ። እንደገና ሞከረች፤ ጎንበስ ብላ፣ ከኔ ኋላ ተደብቃ። እኔን አልፈው አዩዋት።

አቶ ታደሰ ሻያቸውን አስቀመጡ። «በስመ አብ!» አሉ በቀስታ።

ያን ቀን ዓሣ አልበሉም። ሽሮ አዘዙና እሱንም ጀምረው ተዉት።

ኛማል ነጠላዬን አጣጥፋ መለሰችልኝ። እየሳቀች መስሎኝ ፊቷን ሳየው ደነገጥኩ። የፊቷ ደም ሁሉ የሸሸ ይመስል ነበር።

«ሰኒ፣ ያውቁኛል እኮ» አለችኝ። «እኔን። ኛማልን።»

ከዚያ በኋላ ባሰባት። መረቡን ስትነክር «ካወቃችሁኝማ በደንብ እወቁኝ!» እያለች በኑዌርኛ ትሳደብ ጀመር። እኔም ከገንዳው ራቅሁ። ዓሣ የሚያውቃት ሴት አጠገብ መቆም ፈራሁ ብል ማን ያምነኛል?

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ስትጮኽ ሰማሁ።

«ሰኒ! ሰኒ፣ ቶሎ ነይ!»

ሮጥኩ። ገንዳው ዳር ተንበርክካ ወደ ጥጉ ትጠቁማለች። ጉንጯ ያበጠ አንዲት ቆሮሶ ብቻዋን ቆማለች።

«በላቻቸው! የገዛ ልጆቿን በላቻቸው! አሁን ጭንቅላቷ ዙሪያ እንደ አቧራ ነበሩ፣ ትንንሽ፣ ዓይን ብቻ። እኔ ስቀርብ አፏን ከፍታ ሙልጭ አድርጋ ዋጠቻቸው!» ደስታ በሚመስል ነገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ይኸው! ነፍስ አላቸው የምትሉት ይሄን ነው? እናት ናት ይቺ?»

መረቡን አነሳች። ቆሮሶዋ እንደ ሌሎቹ አልተንፈራገጠችም። አፏን ገጥማ ዝም አለች። ኛማል ድንጋዩ ላይ አስተኝታ መታቻት፤ አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። ከዚያ ልታጥባት ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ጣለቻት።

የሞተችው ዓሣ አፍ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

መጀመሪያ አንድ ወጣ። ከዚያ ብዙ። የጤፍ ፍሬ የሚያህል ዓይን ያላቸው፣ ሰውነታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በሕይወት ያሉ ግልገሎች ሳፋውን ሞሉት። አልዋጠቻቸውም ነበር። ደብቃቸው ነው። ኛማል በጥላዋ ስትመጣባቸው አፏ ውስጥ ከታቸው፣ ስትያዝም፣ ስትመታም አልከፈተችም።

ኛማል እጇ አየር ላይ እንደቀረ ነው። ግልገሎቹ ሳፋውን ዞሩ፣ ተደናገሩ፣ አንዱ ሲነካ ሁሉም ደነበሩ። ከዚያ መሸሸጊያ ፈልገው ተመለሱ። ወደ እናታቸው። ተራ በተራ እየተጋፉ እዚያው የሞተ አፍ ውስጥ መግባት ጀመሩ።

ኛማል የጮኸችውን ጩኸት እስካሁን የምገልጽበት ቃል የለኝም። እትዬ ዘነበች እጇን የቆረጣት መስሏቸው በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡ። እጇን ይዘው አገላብጠው አዩ፣ ደም የለም። «ምን ሆነሽ? ምን ነካሽ ልጄ?» ይሏታል። እሷ ሳፋውን ብቻ ታያለች።

ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው ከሄዱ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እዚያው ነው የተናገረችው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንስቅ አንድም ቀን ያልነገረችኝን።

ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ የኢታንግ ሰው ሁሉ ነቅሎ ወደ ድንበር ሸሸ። ከኋላ ይተኮሳል፣ ከፊት የጊሎ ወንዝ ሞልቷል። አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቷ ሁለት ልጆች አሏት፤ ኛማልና ገና ያልተራመደ ወንድ ልጅ።

«እናቴ ሕፃኑን በጨርቅ ቋጠረችው» አለችኝ። «ቋጠሮውን በጥርሷ ነከሰችው። ለመዋኘት ሁለት እጅ ያስፈልጋታላ! እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ። መሃል ላይ ውኃው ነጠቀኝ። ሰጠምኩ፣ ወጣሁ፣ ሰጠምኩ። እናቴ ዞራ አየችኝና አፏን ከፍታ ስሜን ጠራችው።»

የሳፋውን ጠርዝ ያዘች።

«ስሜ ሲወጣ ወንድሜ ወደቀ።»

እጇን ልይዛት ብፈልግም እጄ እሺ አላለኝም።

«ዓሣ ነው የበላው አልኩ፤ ልጅ ነበርኩ። የሚወቀስ ሌላ ማንም አልነበረማ፤ ከኔ በቀር። ስለዚህ እነሱን ጠላሁ። ስመታቸው ሁልጊዜ ‹አንተ ነህ የበላኸው› እያልኩ ነው። አሁን ግን...» ሳፋውን አየችው። «ይቺ ስትሞት እንኳ አልከፈተችም ሰኒ። የኔ እናት በኔ ምክንያት ከፈተች።»

በማግስቱ ጠዋት ለእትዬ ዘነበች «ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ አልገድልም» አለቻቸው። ለፋሲካ ብዙ ድግስ የታዘዘበት ሳምንት ነው፤ ሴትዮዋ ጦፉ።

«ኛማል፣ እኔ ምግብ ቤት ነው የከፈትኩት፣ ገዳም አይደለም! ዓሣ የሚያዝንልሽ መስሎሽ ነው?»

«አያዝንልኝም። ያውቀኛል እንጂ። እንጀራም ልጋግር፣ ሽንኩርትም ልክተፍ፣ ሽንት ቤትም ልጠብ። ያንን ግን ኻላስ፣ በቃኝ።»

እትዬ ዘነበች ተቆጥተው ወጡ፤ ከሰዓት በኋላ ሳፋው አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ግልገሎቹን ኛማል በዱቄት ልታሳድግ እየሞከረች ነበር። ብዙ ቆሙ። ለመግደሉ ሥራ አንድ ሰውዬ ቀጠሩ፣ ኛማልን ወደ ጾም ወጡ አዛወሯት። ግልገሎቹ አብዛኞቹ ሞቱ። የተረፉትን ጣት ሲያህሉ ወንዝ ወስዳ ለቀቀቻቸው።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በየጠዋቱ የዳቦ ፍርፋሪ ይዛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። አዲስ የመጡት ዓሦች ያለ ፍርሃት ይቀርቧታል። የድሮዎቹ ግን አይመጡም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ መረቡን ሌላ ሰው ይዞት እያለ እንኳ ከእሷ ይሸሻሉ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ» ትላቸዋለች፣ ለሰው እንደሚባል። የድሮዎቹ አንድ በአንድ ታዘዙ፣ ተጠበሱ። አንድ ጠዋት ፍርፋሪውን ስትጥል ሁሉም መጡ። አንድም የሸሸ የለም። ደስ ያላት መስሎኝ «ይኸው ታረቃችሁ» አልኳት።

«አልታረቅንም» አለችኝ። «የሚያውቁኝ አለቁ።»

በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቃ ወደ ናስር ሄደች፣ እዚያ የሚኖሩትን እናቷን ልታመጣ። በልጅነቷ ተለይታቸው ወደ ጋምቤላ ከተመለሰች ወዲህ በሰው በኩል ከመርዳት በስተቀር ሄዳ አይታቸው አታውቅም ነበር። ስትሄድ «ልጠይቃት ነው» ብላኛለች። «በኔ ምክንያት እንደሆነ ራሷ ትንገረኝ። ትርገመኝም። ከአፏ ልስማው።»

ስትመለስ አንዲት እንደሷ ረጅም፣ እንደሷ ግን የማይስቁ አሮጊት ይዛ መጣች። ሁላችንም እማማ አልናቸው። ጁባ ውስጥ ና ባሪ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ አብረው ይኖሩ ጀመር። እንዴት እንደምትንከባከባቸው! ውኃ በእጃቸው አታስነካም፣ እግራቸውን ራሷ ታጥባለች።

«ጠየቅሻቸው?» አልኳት አንድ ቀን።

ራሷን ነቀነቀች። «ፊቷን ሳየው አቃተኝ። ረስታው ቢሆንስ? እኔ ነኝ የማስታውሳት?»

ዓመታት አለፉ። እኔ ሀይ ጀላባ ሱቅ ገባሁ፣ እሷ እዚያው ወንዙ ዳር ቀረች። በተገናኘን ቁጥር «ጠየቅሻቸው?» የሚለው አፌ ላይ ይመጣል፤ እየቆየ መጠየቁን ተውኩት።

ለቅሶ የሄድኩት ከእትዬ ዘነበች ጋር ነው። ግቢው ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በኑዌርኛ መዝሙር ይዘምራሉ። እማማ ከመካከላቸው የሉም። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ አላለቀሱም» አለችን አንዲት ጎረቤት፣ እኛ በሚገባን ዓረብኛ። ትንሽ ቆይቶ እኔን አስጠሩኝ።

ጎጆው ውስጥ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የተከደነ ሳህን አለ። አማርኛቸው ኢታንግ ገበያ የለቀሟት ናት፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«አንተ የልጄ ጓደኛ» አሉኝ። «አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ። ለልጄ አልነገርኩም። አሁን ለማን ልንገር?»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወንድ ልጅ ነበረኝ። ትንሽ። ከኢታንግ ስንሸሽ መንገድ ላይ ታመመ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞቷል። ጠዋት ሞቷል። መቅበር የለም፣ ይተኩሳሉ። ለጅብ ልተወው? በጨርቅ አሰርኩ፣ በጥርሴ ያዝኩ። ኛማል ‹ወንድሜስ?› ሲለኝ ተኝቷል አልኩት። ይፈራል ብዬ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ውኃ ውስጥ ኛማል ሰጠመ። እኔ ምን ላድርግ? የሞተውን ለቀቅኩ። በሕይወት ያለውን ጠራሁ።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ኛማል ያን ጊዜ ትንሽ ነው። ረስቷል አልኩ። እዚህ ሲያመጣኝም አልጠየቀኝም። ካልጠየቀ ረስቷል፤ ለምን ላስታውሰው? ዝም አልኩ።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «አንተ ታውቃለህ። ልጄ ያስታውስ ነበር?»

ውጭ መዝሙሩ ቀጥሏል። ገንዳው፣ ሳፋው፣ ያ ጩኸት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ትዝ አለኝ። አንድ ቃል ነበር የጎደለው። አንዲት ቃል፣ ከሁለቱ ከአንዳቸው አፍ ብትወጣ! በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ አልጋና አልጋ ሆነው፣ ስንት ዓመት!

«አይ እማማ» አልኩ። «አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ረስታዋለች።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ። በቋንቋቸው አምላክን አመሰገኑ፣ ከዚያ ለኔ ብለው በአማርኛ ደገሙት፤ «እግዜር ይመስገን።» ሳህኑን ወደራሳቸው ሳቡ፣ ክዳኑን አነሱና በጣታቸው ቀስ ብለው መብላት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው እኔንም አጎረሱኝ።

ተቀበልኳቸው። መዋጥ ግን አቃተኝ።